በአሮጌ መኪና ከጅማ ለምትነሡ ልጆች

ልጆቼ፣

ቅዳሜ ማታ ወሬው ሲደራ ከመካከላችሁ አንዱ «ለምን አሁኑኑ አንነሣም?» ይላል፤ ሌላው የአጎቱን አሮጌ ኮሮላ ቁልፍ ከኪሱ ያወጣል። ሳይነጋ አራት አምስት ሆናችሁ መንገድ ላይ ናችሁ። በእናንተ ዕድሜ እንዲህ መነሣትን አልቃወምም። የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፤ ውሳኔው ድንገት ይሁን፣ የመኪናዋ ዝግጅት ግን ድንገት ሊሆን አይችልም። ደጃችሁ ላይ አሮጌ መኪና ካለች የትም ለመሄድ ባታስቡም ከዛሬ ጀምራችሁ አሰናዷት።

ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አሮጌ መኪናን የሚፈትናት ግን ከርቀቱ ይልቅ የመሬቱ አቀማመጥ ነው። ጅማ 1,780 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ሰርቦን፣ አሰንዳቦንና ሰኮሩን አልፋችሁ ከአበልቲ በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ጊቤ ሸለቆ ይወርዳል፤ ድልድዩ ያለበት ቦታ ወደ 1,100 ሜትር ይጠጋል። ከድልድዩ ማዶ ደግሞ ዕረፍት ሳይሰጥ ወደ ወልቂጤ፣ ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ያስወጣል። አሰንዳቦ አካባቢ የምትሻገሩት ግልገል ጊቤ ስለሆነ ቁልቁለቱን ጨረስን ብላችሁ እንዳትዘናጉ፤ ዋናው ገና ከፊታችሁ ነው። መኪናዋ ፍሬኗ እንደጋለ ሸለቆው ውስጥ ትደርሳለች፣ በዚያው ሙቀት ዳገቱን ትጀምራለች። ስለዚህ ሁለት ነገር ብቻ ምረጥ ብባል የሞተሩን ማቀዝቀዣና ፍሬኑን እላለሁ፤ በእነዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ ልጻፍላችሁ።

ከራዲያተሩ ክዳን እጀምራለሁ፤ ሰው ሁሉ የሚንቀው እሱን ነውና። ውሃ በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ጅማ ላይ በ94 ገደማ፣ አዲስ አበባ ላይ በ92 ገደማ። በሥራ ላይ ያለ ሞተር ውሃው ከ85 እስከ 95 ዲግሪ ይደርሳል። ክዳኑ ግፊት ባይዝለት ኖሮ በእኛ ከፍታ ራዲያተሩ ሁልጊዜ በተንተከተከ ነበር። በብዙ ክዳኖች ላይ 0.9 የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ፤ ያን ያህል ባር ግፊት ከያዘ መፍያውን ነጥብ ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ያደርገዋል። ጎሚኒው (የላስቲክ ማሸጊያው) የደረቀ ወይም ሞላው የላላ ክዳን ግን ግፊቱን ያስተነፍሳል። ውሃው ይፈላል፣ በትርፍ ቱቦው ይወጣል፤ ባለመኪናው ደግሞ ራዲያተር ተደፍኗል ብሎ ሊያስፈታ ይሄዳል። ዕድሜውን የማታውቁትን ክዳን ለውጡት፤ ዋጋው ከአንድ ምሳ ብዙ አይርቅም።

ቴርሞስታቱን፣ ማለትም ውሃው ሲግል ወደ ራዲያተሩ የሚወስደውን መንገድ የሚከፍተውን ዕቃ፣ አውጥቶ መጣል በየጋራዡ የቆየ ልማድ ነው፤ «ይቀዘቅዝልሃል» ይባላል። ብዙ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ይህ ስሕተት ነው። በእነዚህ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሲከፈት ባይፓስ የሚባለውን አቋራጭ መንገድ ይዘጋል። ዕቃው ከሌለ ከፊሉ ውሃ ራዲያተሩን ሳይነካ ትኩሱን ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ከተማ ውስጥ ምንም አይታወቅም፤ የወልቂጤ ዳገት ላይ ግን የሙቀቱ መርፌ ወደ ቀይ ይሄዳል። ቴርሞስታት መሥራቱን መሞከር ቀላል ነው፦ ውሃ ያለበት ድስት ውስጥ አንጠልጥሎ ማሞቅ። ብዙውን ጊዜ 82 ወይም 88 የሚል ዲግሪ ተቀርጾበታል፤ እዚያ አካባቢ መከፈት ሲጀምር ማየት አለባችሁ። ካልተከፈተ ይጣል፣ በአዲስ ይተካ።

የራዲያተሩን ቱቦዎች ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ጨምቁ። እንደ እንጨት የደረቀም፣ እንደ ስፖንጅ የላላም ይቀየር፤ ቱቦዎቹን የሚያስሩት ፋሸታዎችም አብረው። ቺንጋውን (የሞተሩን ቀበቶ) ገልብጣችሁ ውስጡን እዩ፤ ስንጥቅ ካለበት ዕድሜው አልቋል። በሁለት ፑሊ መካከል በአውራ ጣት ስትጫኑት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ከገባ ውጥረቱ ልክ ነው። ራዲያተሩ ውስጥ የቧንቧ ውሃ ብቻ ከሆነ ያለው ዝገት ይፈጥራል፣ ቀጫጭን መተላለፊያዎቹንም ይደፍናል፤ ኩላንትና የተጣራ ውሃ ግማሽ በግማሽ ሙሉበት። ከዚያ ክዳኑን ከፍታችሁ ሞተሩን በቀዝቃዛው አስነሡት። አረፋው ሳያቋርጥ ከወጣ፣ ወይም የሞተር ዘይት መሙያው ክዳን ሥር ወተት የመሰለ ቅባት ካገኛችሁ፣ የቴስታው (የሞተሩ የላይኛ ክፍል) ማሸጊያ ጓርኒሲዮን ሳይበላሽ አይቀርም። እንዲህ ያለች መኪና ከጅማ አትውጣ።

መንገድ ላይ መርፌው ከፍ ማለት ከጀመረ መጀመሪያ ማርሽ ቀንሱ። ሞተሩ ሳይጨነቅ በፍጥነት ሲዞር የውሃው ፖምፓና ቬንትላተሩም ይፈጥናሉ፤ በከፍተኛ ማርሽ ማፈን ግን ሙቀቱን ያብሳል። የመኪናዋን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ክፈቱት፤ ላብ በላብ ትሆናላችሁ፣ ግን እሱም ትንሽ ራዲያተር ነው። ካልወረደ ዳር ይዛችሁ አጥፉና ቢያንስ 30 ደቂቃ ጠብቁ። ክዳኑን በትኩሱ የከፈተ ሰው ፊቱ ይቃጠላል፤ ይህን ለሚጣደፈው ጓደኛችሁ አጥብቃችሁ ንገሩት። በረድ ሲል በወፍራም ጨርቅ ይዛችሁ ሩብ ዙር ብቻ ፍቱ፣ ግፊቱ ይውጣ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ክፈቱ። ውሃውን ሞተሩ እየሠራ ቀስ በቀስ ጨምሩ። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ በአንዴ ማፍሰስ ቴስታውን ሊሰነጥቅ ይችላል።

ወደ ፍሬኑ እንምጣ። ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ የሚለው ብዙ ጊዜ ዕቃ ተሰብሮ ሳይሆን ዘይቱ ፈልቶ ነው። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት ዓይነት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን 140 ላይ ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል፣ ፔዳሉም ወለሉ ድረስ ይገባል። የጅማ አየር አብዛኛውን ዓመት እርጥብ ስለሆነ ዘይቱ በየሁለት ዓመቱ መቀየር አለበት። አብዛኛውን ጊዜ ከማስተሩ (ፔዳሉ ከሚገፋው ዋናው የፍሬን ፖምፓ) በጣም ከሚርቀው የኋላ ጎማ ይጀመራል። አንዱ ፔዳሉን ረግጦ ይይዛል፣ ሌላው የማስተንፈሻውን ብሎን ይከፍታል፤ ብሎኑ ተመልሶ ሳይዘጋ ፔዳሉ አይለቀቅም። አንድ ሊትር ይበቃችኋል። የፍሬን ዘይት ጠፋ ብሎ የሞተር ዘይት የሚጨምር ሰው ካያችሁ እጁን ያዙት፤ ጎሚኒዎቹ ያብጡና ሥርዓቱ በሙሉ ይበላሻል። የፊቱ የፍሬን ሸራ ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ከሳሳ ለውጡ።

ዕቃው ደህና ሆኖ አነዳዱ ከተበላሸ ግን ዋጋ የለውም። ዳገቱን ልትወጡበት በምትችሉት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረዱ፤ ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ነው። ማርሹን ቁልቁለቱ ሳይጀምር አስገቡ፣ መኪናዋ ከፈጠነች በኋላ አስቸጋሪ ነው። ፍሬኑን እያሻሹ መውረድ ያግለዋል፤ ጠንከር አድርጎ መርገጥ፣ ፍጥነቱን ማውረድ፣ መልቀቅ፣ እንዲተነፍስ መተው። ቤንዚን ለመቆጠብ ፎሌ አድርጎ (ማርሹን ነጻ አውጥቶ)፣ ይባስም ሞተር አጥፍቶ መውረድን የሚያስተምራችሁ አሽከርካሪ አይጠፋም። ሞተሩ ከጠፋ ሰርቮው (የፍሬን ፔዳሉን የሚያቀለው ዕቃ) ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ ያግዛችኋል፤ ከዚያ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል፣ ቁልፉ ከተነቀለ መሪውም ሊቆለፍ ይችላል። ልጆቼ፣ በዚህ የምትተርፍ ጠብታ ቤንዚን የማንንም ነፍስ አታክልም። የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ሰፊ ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙ፤ 20 ደቂቃ ይቀዝቅዝ፤ ውሃ አታፍሱበት፣ የእጅ ፍሬኑንም አትሳቡ፣ ጎማውን በድንጋይ አስደግፉት። ፔዳሉ ጨርሶ ከገባ ደጋግማችሁ ምቱት፣ ማርሽ በየተራ ቀንሱ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያላችሁ ሳቡ፤ መኪናዋንም ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ተራራው ጎን አስጠግታችሁ አሻሹ።

ጎማ ላይ አትሳሳቱ፤ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ያረጀ ጎማ አለ። ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥር አለ፤ 2319 ከሆነ በአውሮፓውያን 2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጎኑ የተሰነጣጠቀ ወይም ያበጠ ከሆነ አታምኑት። ንፋሱን ጧት ሳትነዱ አስለኩ፤ ልኩ በሾፌሩ በር ፍሬም ላይ ይጻፋል፣ ለብዙ ትንንሽ መኪኖች ከ28 እስከ 32 ፒ.ኤስ.አይ ነው፣ ሙሉ ሰው ሲጫን ለኋላው ጨመር ይደረጋል። ትርፍ ጎማውንም እዚያው ጎሚስታው ጋ አስሞሉት፤ ለዓመታት ተረስቶ የተኛው እሱ ነው። ክሪኩ መኪናዋን በእርግጥ የሚያነሣ መሆኑን ደጃችሁ ላይ ሞክሩ። ለጭቃ መሬት ከሥሩ የምታነጥፉት ጠፍጣፋ ጣውላ ያዙ።

ባትሪው አርፎ ሲለካ 12.6 ቮልት አካባቢ፣ ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.4 ካሳየ ዲናሞው ደህና ነው። ከዚህ ውጭ 10 ሊትር ውሃ፣ ሁለት ሊትር የሞተር ዘይት፣ ትርፍ ቺንጋ፣ አንድ የላይኛው የራዲያተር ቱቦ፣ ፋሸታ፣ ፊውዝ፣ ካንዴላ፣ ሽቦና ናስትሮ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ የእጅ ባትሪ ይኑራችሁ። ለአሮጌ ቶዮታ 10፣ 12 እና 14 ቁጥር ቁልፍ አብዛኛውን ብሎን ይፈታል። ስትቆሙ አንጸባራቂ ሦስት ማዕዘኑን አኑሩ። ድንጋይና ቅጠል ከደረደራችሁ ደግሞ ስትነሡ ድንጋዩን አንሡ፤ ትታችሁት የሄዳችሁት ድንጋይ ማታ ሌላውን ይገለብጣል።

ይህ ሁሉ ከተሠራ በኋላ ወደ አጋሮ ሂዱ። 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ዳገትና ቁልቁለት አለው፤ ደርሶ መልስ ለሙከራ ይበቃል፣ ብትበላሽም ቤታችሁ ቅርብ ነው። ስትመለሱ እጃችሁን ወደ አራቱም ጎማ መሐል ጠጋ አድርጉ። አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ከጋለ ወይ ፍሬኑ ይዟል፣ ወይ ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታ ሊሞት ነው። የዘይቱን መጠን ከመነሣታችሁ በፊት ካያችሁት ጋር አስተያዩ።

ሰዓቱን በተመለከተ ጧት 12 ሰዓት ተነሡ። በአሮጌ መኪና ከነዕረፍቱ እስከ ስምንት ሰዓት ይፈጅባችኋል፤ ሳይመሽ ትገባላችሁ። ከመነሣታችሁ በፊት መናኸሪያ ሄዳችሁ ያን ዕለት ወይም ትናንት ከመጡ ሾፌሮች የመንገዱን ሁኔታ ጠይቁ። ማታ ከብቱ፣ መብራት የሌለው ጋሪና የቆመ የጭነት መኪና አይታይም። ሸለቆው ውስጥ ደግሞ ወባ አለ፤ እዚያ ተበላሽቶ ማደር ለጤናም ክፉ ነው። በእኛ አገር በጫት እንቅልፍን ገፍቶ ሌሊት መንዳት የተለመደ ነው። ምርቃናው ሲወርድ የታገደው እንቅልፍ ድንገት ይጥላል፤ የሚነዳው ልጅ ማታውን ይተኛ፣ በየሁለት ሰዓቱም ሹፌር ቀይሩ።

አሮጌ ካርቡራተር ያላት ትንሽ መኪና ለ100 ኪሎ ሜትር ከ8 እስከ 10 ሊትር ትጠጣለች፤ ለአንድ ጉዞ 35 ሊትር ያዙ። ከፍታው በየ1,000 ሜትሩ የሞተሩን ጉልበት ወደ 10 በመቶ ስለሚቀንስ ወልቂጤን አልፋችሁ ወደ ወሊሶና ቱሉ ቦሎ ስትወጡ መኪናዋ ብትደክም አትደንግጡ። ነዳጅ ከማደያ ቅዱ። መንገድ ዳር በኃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጠው ውሃ ወይም ነጭ ጋዝ ሊቀላቀልበት ይችላል። ትርፉንም በጀሪካን አድርጋችሁ ሰው ከተቀመጠበት ጋር አትጫኑ። ጭነቱን አታብዙ፤ አምስት ሰው ከነሻንጣው 400 ኪሎ ይጠጋል፣ በላዩ ከመንገድ የተገዛ ከሰልና ሙዝ ሲጨመር ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ ይከፍለዋል።

ሊብሬ፣ መንጃ ፈቃድ፣ ያልተቃጠለ ቦሎና የሦስተኛ ወገን መድን ይኑር። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መድኑ ግዴታ ነው፤ ተጎጂው የሚታከምበትም እሱ ነውና እንደ ቅጣት ማምለጫ ብቻ አትዩት።

ስትደርሱ መኪናዋን ሜዳ ላይ አቁማችሁ ማታ ከሞተሩ ሥር ካርቶን አንጥፉ። ጧት ጥቁር ወይም ቡናማ ጠብታ ካገኛችሁ የሞተር ዘይት ነው፤ ለክታችሁ ጨምሩ። አረንጓዴ ወይም ሮዝ ጣፋጭ ሽታ ያለው ኩላንት ነው፤ ቱቦና ፋሸታ ፈትሹ። ጎማ አጠገብ ጠርቶ የሚያንሸራትት ፈሳሽ ካያችሁ የፍሬን ዘይት ነው፤ እሱ ሳይሠራ ወደ ጅማ እንዳትነሡ፣ አንድ ቀን ብታድሩም እደሩ።