የድራፍትና የክራፍት ቢራ ቅዝቃዜ፦ ጥያቄ ያላችሁ ዛሬ ጠይቁ

ሰላም ቤተሰብ። ድራፍት ማሽን ስተክልና ስጠግን 14 ዓመት አልፎኛል፣ አብዛኛው አዲስ አበባ ነው ግን ድሬም ሐዋሳም ሠርቻለሁ። ዛሬ ማታ ቁጭ ብዬ የምችለውን እመልሳለሁ። ስትጠይቁ ግን ሶስት ነገር ጻፉልኝ፣ ቢራው ምን ዓይነት እንደሆነ፣ በርሜሉ የት እንደሚቀመጥ፣ እና ብርጭቆ ውስጥ ተቀድቶ ስንት ዲግሪ እንደሆነ። የፍሪጁ ቁጥር አይደለም ያልኩት፣ ብርጭቆ ውስጥ።

ጀማሪ፦ ቢራ በስንት ዲግሪ ነው መቅረብ ያለበት?

መልስ፦ የቱ ቢራ? እሺ ባጠቃላይ ልንገርህ። የተለመደው ላገር ድራፍታችን ከ3 እስከ 5። የስንዴ ቢራ ከ5 እስከ 7። አይፒኤና ፔል ኤል (ሆፕ የሚበዛባቸው ቢራዎች፣ ሆፕ ማለት ለቢራ ምሬትና ሽታ የሚሰጠው ተክል ነው) ከ7 እስከ 10። ጥቁሩና ከባዱ ቢራ 10 ቢሆንም 12 ቢሆንም ችግር የለውም። ቅዝቃዜ ሽታ ይዘጋል፣ ሆፑን ለማሽተት ገንዘብ ከፍለህ 2 ዲግሪ ላይ ከጠጣኸው ያገኘኸው ቀዝቃዛ መራራ ነገር ብቻ ነው። ቦሌ ቢር ጋርደን የሚጠመቁትን ብሎንዲና ኢቦኒን ያያችሁ ታውቃላችሁ፣ ጥቁሩን ኢቦኒ ቀድተው ሲያመጡላችሁ አስር ደቂቃ አስቀምጡትና እንደገና ቅመሱት፣ የተጠበሰው ብቅል ያኔ ነው የሚወጣው።

ባለ ግሮሰሪ ከሳሪስ፦ ጋሼ ጃምቦው ግማሹ አረፋ ነው፣ ጋዙን ቀነስኩት ጭራሽ ባሰበት። በርሜሉ ጠዋት ይመጣል ፍሪጅ ውስጥ እናስገባዋለን፣ ምሳ ሰዓት ላይ እንከፍተዋለን። ብርጭቆ ውስጥ 11 ዲግሪ ነው።

መልስ፦ አየህ እንዲህ ስትጠይቅ ደስ ይላል፣ መልሱን ራስህ ጽፈኸዋል። ጠዋት ገብቶ ምሳ ሰዓት። 50 ሊትር ፈሳሽ በአራት ሰዓት አይቀዘቅዝም ወንድሜ፣ ውጪው ብረት እጅህን ያቀዘቅዘዋል መሃሉ ግን ገና ከመኪና የወረደበት ሙቀት ላይ ነው። 24 ሰዓት ሙሉ ፍሪጅ ውስጥ ማደር አለበት፣ ከዛ በታች አትክፈተው። ዛሬ የምትሸጠው ትናንት የገባውን ነው፣ ስለዚህ ሁሌ አንድ በርሜል ቀድመህ ግዛ።

ጋዙን ስትቀንስ ለምን ባሰበት? ቢራው ውስጥ የሟሟው ጋዝ እንደሟሟ የሚቆየው በቅዝቃዜና በግፊት ነው። ቢራው ሲሞቅ ጋዙ መውጣት ይፈልጋል፣ ግፊቱንም ስትቀንስለት መንገድ ከፈትክለት፣ ቧንቧው ውስጥ እያለ አረፋ ይሆናል። ብዙ ሰው አረፋ ሲያይ እጁ ቶሎ ሬጉሌተሩ (የጋዙን ግፊት የሚቆጣጠረው) ላይ ነው የሚሄደው። ቴርሞሜትር ሳትይዙ ሬጉሌተር አትንኩ። ይሄን ዛሬ ደጋግሜ እላለሁ።

ባርማን፦ ከውጪ የመጣው ማንዋል የጋዙ ግፊት 0.75 ባር ይሁን ይላል፣ እኛ ግን በዛ ስንሠራ ቢራው በሁለተኛው ቀን ይሞታል፣ ጋዝ የለውም። በርሜሉ 3 ዲግሪ ነው፣ ለክቻለሁ።

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር! አዲስ አበባ ነህ አይደል? ማንዋሉን የጻፉት ሰዎች ባሕር ጠለል ላይ ሆነው ነው። እኛ ከ2300 ሜትር በላይ ነን፣ የአየሩ ግፊት እዚህ ከባሕር ጠለሉ ሶስት አራተኛ ያህል ነው። ጌጁ (የግፊት መለኪያው) ደግሞ የሚያነብልህ ከአካባቢህ አየር በላይ ያለውን ብቻ ነው። ስለዚህ እዚህ 0.75 ስታነብ በርሜሉ ውስጥ ያለው ግፊት እነሱ 0.5 ሲያነቡ ካለው ጋር እኩል ነው ማለት ነው። ሩብ ባር ጨምርበት፣ ወደ 1 ባር አድርሰው፣ ሁለት ቀን ጠብቅና ቅመስ። ድሬ ወደ 1200 ሜትር ስለሆነ የዚህ ግማሽ ይበቃል። ስንት ቤት ሄጃለሁ መሰላችሁ፣ ማሽኑ ደህና ሆኖ ቢራ ፋብሪካው ሲረገም! ፋብሪካው ምን አደረገ?

እዚሁ ላይ ስለ ቴርሞሜትርም ልናገር። በፈላ ውሃ 100 ይላል ብላችሁ እንዳትፈትሹት፣ አዲስ አበባ ውሃ 92 አካባቢ ነው የሚፈላው፣ ደህናውን ቴርሞሜትር ተበላሽቷል ብላችሁ ትጥሉታላችሁ። በረዶ በደንብ ፍጩና ትንሽ ውሃ ጨምሩበት፣ እዛ ውስጥ 0 ካለ ደህና ነው፣ እሱ ከፍታ አይለውጠውም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ፦ እዚህ ፐብ አይፒኤ በረዶ በያዘ ብርጭቆ ነው የሚያመጡልኝ፣ ምንም አይሸትም። መመለስ ነውር ነው?

መልስ፦ ነውር የለውም፣ ያልቀዘቀዘ ብርጭቆ ስጡኝ በል። ባለ ቤቶችም ስሙ፣ ብርጭቆ ፍሪዘር ውስጥ አታስገቡ። በረዶው አረፋ ያበዛል፣ ሲቀልጥ ቢራውን ያቀጥናል፣ ፍሪዘሩ ውስጥ ሥጋ ወይ ዓሣ ካለ ደግሞ ሽታውን ይይዛል። በንጹህ ቀዝቃዛ ውሃ ማለቅለቅ ይበቃል።

ከለንደን፦ እዚህማ ለብ ያለ ቢራ ነው የሚጠጡት፣ እንዴት ቻሉት!

መልስ፦ ለብ ያለ አይደለም። ካስክ ኤል ነው፣ እዛው በርሜሉ ውስጥ የሚበስል ቢራ፣ ከ11 እስከ 13 ዲግሪ፣ የምድር ቤት ቅዝቃዜ ማለት ነው። ካምራ የሚባለው የጠጪዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ የሚሟገትለት ቢራ ነው፣ ጋዙ ትንሽ ስለሆነ ብታቀዘቅዘው ጣዕሙ ይጠፋል። ከኛ ላገር ጋር አታወዳድረው።

ጡረተኛው፦ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ኖርማል ነው የጠጣሁት። ቀዝቃዛ ጉሮሮ ይይዛል፣ ልጆቹ አይሰሙም እንጂ።

ባርማን፦ አባቴ እሱ ቶንሲል ቫይረስ ወይ ባክቴሪያ ነው እንጂ ቢራ አያመጣውም።

ጡረተኛው፦ እናቴ ጠላ ስትጠምቅ ፍሪጅ መች ነበር? ጋኑ ጓዳ ጥግ ወለል ላይ ተቀምጦ፣ በጣሳ ቀድተህ ስትጠጣ አንጀት ነበር የሚያርስ።

ባለ ግሮሰሪ ከሳሪስ፦ ጓዳው ራሱ ቀዝቃዛ ነበራ ጋሼ፣ ደብረ ብርሃን ጓዳ እኮ ፍሪጅ ነው።

መልስ፦ ስለ ጉሮሮ ሐኪም ጠይቁ። የጠላው ግን እውነት ነው፣ የደጋ ጓዳ 12 እና 13 ዲግሪ ቢሆን አይገርመኝም፣ ለጠላ ልኩ ነው። ወደ ጥያቄያችን።

አንድ አባል፦ ቢራዬ አረፋ በዛበት ምን ላርግ?

መልስ፦ ከላይ አንብብ። ስንት ዲግሪ ነው? በርሜሉ መቼ ገባ? ካልለካህ መልስ የለኝም።

ከድሬዳዋ፦ 6 ዲግሪ ስናቀርብ ሞቀ ብለው ይመልሱብናል። 1 ዲግሪ እናድርገው?

መልስ፦ 1 ዲግሪ ምላስ ያደነዝዛል። ችግርህ ብርጭቆው ነው፣ በዛ ሙቀት ግማሽ ሊትር ስትሰጠው ግማሹ ሳያልቅ ይሞቅበታል። በ3 ዲግሪ ቅዳ፣ ትንሹን ብርጭቆ አቅርብና ቶሎ ቶሎ ሙላለት። እውነቴን ነው፣ ድሬ አንድ ቤት ይሄን አስደርጌያቸው ተመላሽ ቀረላቸው።

ከአዳማ፦ መብራት ሲጠፋስ?

መልስ፦ ፍሪጁን አትክፈት። 24 ሰዓት ያደረ በርሜል ለሰዓታት ይቆያል፣ ቶሎ የሚሞቀው ቧንቧው ውስጥ ያለው ነው፣ መብራት ሲመጣ እሱን ቅዳና ድፋ፣ ለደንበኛ አትስጥ። ያልተጣራና ፓስቸራይዝ ያልተደረገ (ጀርሙ በሙቀት ያልተገደለ) ክራፍት ቢራ ከሆነ ግን ሞቆ አደረ ማለት መኮምጠጥ ሊጀምር ነው፣ ቀምሰህ ሽጥ።

ከአዳማ፦ ጋዙንም በርሜሉንም አንድ መስኮት የሌለው ስቶር ውስጥ ነው ያስቀመጥነው፣ ለቅዝቃዜ ብለን።

መልስ፦ ሲሊንደሩን ዛሬውኑ አውጣው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ይከብዳል፣ ወለል ላይ ይጠራቀማል፣ ሽታም የለውም፣ ቢያፈስ ልጁ በርሜል ሊቀይር ጎንበስ ሲል ራሱን ይስታል። ሊያወጣው የገባውም አብሮ ይወድቃል። ሰው ይሞታል! አየር ያለበት ቦታ፣ ቆሞ፣ በሰንሰለት ታስሮ። ስታወጣው እዚሁ ጻፍልኝ።

አንድ አባል፦ የትኛው ማሽን ይሻላል፣ ዋጋውስ?

መልስ፦ ዋጋ አልናገርም።

አንድ አባል፦ አረፋ በዛ ላላችሁ ጋዙን ቀንሱት፣ እኔ ሁሌ እሱን ነው የማደርገው።

መልስ፦ እባክህ ሰው አታሳስት! ቴርሞሜትር ሳትይዙ ሬጉሌተር አትንኩ ብያለሁ።

ከአዳማ፦ ሲሊንደሩን አወጣነው ጋሼ፣ በረንዳው ላይ ነው።

መልስ፦ ተባረክ። እሰረው።

ባለ ባር ከሃያ ሁለት፦ ጋሼ አሁን ለካሁት። ፍሪጁ ላይ 3 ይላል፣ ብርጭቆ ውስጥ ግን 9። በርሜሉ ከገባ ሁለት ቀኑ ነው።

መልስ፦ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ነው የለካሽው ወይስ ሁለተኛውን? የመጀመሪያው ቧንቧ ውስጥ የቆመው ስለሆነ አይቆጠርም።

ባለ ባር ከሃያ ሁለት፦ ሶስተኛውን።

መልስ፦ ጎበዝ። እንግዲህ ወይ ቧንቧው ከፍሪጁ እስከ መቅጃው ሳይሸፈን በሞቀ ቦታ ያልፋል፣ ወይ ፍሪጁ ቅዝቃዜ አይዝም። አንድ ብርጭቆ ውሃ በርሜሉ አጠገብ አሳድሪና ጠዋት ለኪው፣ እሱ 3 ካለ ጥፋቱ የቧንቧው ነው፣ ስፖንጅ አልብሽው። እሱም ከሞቀ በሩ ጎማ ላይ ወረቀት አስገቢና ዝጊው፣ ሳትታገይ ተስቦ ከወጣ ጎማው አልቋል። በአራቱም ጎን ሞክሪው፣ ብዙ ጊዜ የሚያልቀው ከታች በኩል ነው፣ በርሜሉ ሲገባና ሲወጣ እየመታው።