«ቶን» በአማርኛ ምን ይባል? ጥላስ ከጨለማ በምን ይለያል?

ጥያቄ፦ «ኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ ቤቶች አካባቢ ትንሽ ፎቶ ቤት አለኝ፤ ከሥራዬ ጎን ለጎንም ለሰፈሩ ወጣቶች ፎቶግራፍ አስተምራለሁ። ስለ ብርሃን በአማርኛ ማስረዳት አይከብደኝም፤ የሚከብደኝ ‹ቶን› የሚባለው፣ ማለትም የፎቶው የንጣትና የጥቁረት ልክ ነው። አንዱ ጽሑፍ ‹ድምፀት›፣ ሌላው ‹ቃና›፣ ሌላው ደግሞ ‹ድባብ› ይለዋል። በፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራሙ ላይ ያለውን፣ የፎቶውን ጨለም ያለ ክፍል የሚያስተካክለውን ‹ሻዶ› የሚባል ቁልፍ ‹ጥላ› ብዬ ስተረጉመው ተማሪዎቼ ፎቶው ውስጥ የሕንፃ ወይም የዛፍ ጥላ ይፈልጋሉ፤ ‹ጽልመት› ስለው ይስቃሉ። ትክክሉ የትኛው ነው? ‹ጽልመት›ስ የሚጻፈው በየትኛው ‹ጸ› ነው?»

መልስ፦ ከጥላ እጀምራለሁ፤ ተማሪዎችዎ የሕንፃ ጥላ መፈለጋቸው ቋንቋቸውን አሳምረው ማወቃቸውን ያሳያልና። በአማርኛ ጥላ ምንጊዜም ባለቤት አለው። የዛፍ ጥላ፣ የግንብ ጥላ፣ የሰው ጥላ እንላለን፤ ግድግዳ ላይ ያረፈ ጥላ ስናይም «የማን ጥላ ነው?» ብለን መጠየቅ እንችላለን። «የማን ጨለማ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። ሁለቱ ቃላት አብረዋቸው የሚሄዱት ቃላትም ይለያያሉ፦ ሰው ጥላ ሥር ይቀመጣል፣ ጨለማ ውስጥ ይገባል። ግሦቻቸውም እንዲሁ ናቸው፤ ጥላ ያርፋል፣ ይረዝማል፣ ያጥራል፣ ከፀሐይዋ ጋር ይዞራል፤ ጨለማ ግን ይውጣል፣ ቤቱን ይወርሳል፣ ሲነጋም ይገፈፋል። ተናጋሪው ሕግ ሆኖ ሳይነገረው ጥላን ከአንድ አካል ተነሥቶ በሌላ ነገር ላይ የሚያርፍ፣ ጨለማን ደግሞ ቦታውን ሁሉ የሚሞላ አድርጎ ይለያቸዋል።

ጥላ በግእዝ ጽላሎት ከሚለው ጋር ሥሩ አንድ ነው፤ ጾም ጦም፣ ጸጉርም ጠጉር እንደሚባል ሁሉ የግእዙ ጸ እዚህም ወደ ጠ ዞሯል። ተጠለለና መጠለያም ከዚሁ ሥር የወጡ ናቸው። ስለዚህ ለአማርኛ ተናጋሪ የጥላ የመጀመሪያ ትርጉም ጥቁረት ሳይሆን ከፀሐይ መሸሸጊያ ነው፤ «ጥላ ከለላ» የምንለውም፣ ጃንጥላ የምንለውም ከዚህ ተነሥተን ነው። የመጥፎ ስሜት ሸክሙን የተሸከመው ግሡ ነው፦ «ጥርጣሬ አጠላበት» ሲባል ጥላው ማሳረፉ ቀርቶ ማስጨነቅ ይጀምራል። ከዚያም አልፎ ጥላ የሰውየው የራሱ ክፍል ሆኖ ይቆጠራል። «ጥላ ቢስ» የሚባል ሰው አለ፣ ጥላው የሚከብድ ሰው አለ፣ በባህላዊው እምነትም «ጥላ ወጊ» የተባለ ክፉ መንፈስ አለ። የቀደሙ ሰዎች ቀኑ ምን ያህል እንደሄደ ለማወቅ የገዛ ጥላቸውን ርዝመት በጫማ ይለኩ እንደነበርም ማስታወስ ይገባል፤ ባለቤት የሌለው ነገር በዚህ መንገድ ሊለካ አይችልም።

እንግዲህ ከዚህ ቋንቋ የወጣ ወጣት የፕሮግራሙን «ሻዶ» «ጥላ» ብሎ መቀበል የሚያስቸግረው ለምን እንደሆነ ግልጽ ይመስለኛል። በእናንተው አካባቢ በየቀኑ የሚታይ ነገር እንውሰድ። አንድ የግንባታ ሠራተኛ ጥቁር ቦት ጫማ አድርጎ ፀሐይ ላይ ቆሟል፤ ከኋላው ያለው ግራጫ የሲሚንቶ ግድግዳ ላይ የጎረቤቱ ሕንፃ ጥላ አርፎበታል። ከጫማውም ከግድግዳውም ወደ ካሜራው የሚደርሰው ብርሃን መጠን ተቀራራቢ ሊሆን ይችላል፤ ፕሮግራሙም ሁለቱን በአንድነት «ሻዶ» ውስጥ ይመድባቸዋል፣ ቁልፉ ሲገፋም ሁለቱን እኩል ያፈካቸዋል። አማርኛ ግን ይህን አይቀበልም፦ ጫማው ጥቁር ነው፣ ግድግዳው ጥላ ያረፈበት ነው። ማሽኑ የሚጠይቀው «ምን ያህል ብርሃን ደረሰኝ?» ብሎ ነው፤ ቋንቋችን የሚጠይቀው «ለምን ጠቆረ?» ብሎ ነው። ስለዚህ የተማሪዎችዎ ችግር የቃላት እጥረት ሳይሆን፣ ምክንያትን የሚናገር ቃል መጠንን ብቻ ለሚናገር ቃል መተርጎሚያ ሆኖ መቅረቡ ነው።

የአካባቢው ብርሃንም ልዩነቱን ለማስተማር ይመቻል። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ፣ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ በመሆኑ ብርሃንን የሚበትነው በቆላው ካለው ያነሰ ነው፤ ስለዚህም በጥቅምትና በኅዳር ሰማዩ በጠራ ጊዜ ጥላው ውስጥ ሾልኮ የሚገባው የሰማይ ብርሃን አነስተኛ ነው፣ ጥላውም ጭልም ይላል፣ ጠርዙም እንደ ስለት ይሆናል። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ ማብቂያ ፀሐይ በቀትር አናት ላይ ስለምትሆን የቆመ ሰው ጥላ ከእግሩ ሥር ይገባና የሚጠፋ ይመስላል፤ ግንባሩ የሚያጠላባቸው ዓይኖቹ ግን ይጨልማሉ። በሐምሌ ደግሞ ወፍራም ደመና ሰማዩን በሙሉ አንድ ትልቅ መብራት ስለሚያደርገው በኮንዶሚኒየሞቹ መካከል ባለው ሜዳ ላይ ጥላ የሚባል ነገር ይጠፋል፤ የሠራተኛው ቦት ጫማ ግን ያው ጥቁር ነው፣ በደረጃው ሥር ያለው ጥግም ያው ጨለማ ነው። ያለ ጥላ ጥቁረት መኖሩን ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ወር የለም።

ተማሪዎችዎ በ«ጽልመት» የሳቁትም ያለ ምክንያት አይደለም። ጽልመትና ጨለማ መንትዮች ናቸው፤ የግእዙ ጸልመ በአማርኛ ጨለመ ሆኗል። ጨለማ ወደ ቤትና ወደ ገበያ ወርዶ ሲሠራ፣ ጽልመት በቤተ ክህነትና በቅኔ ቤት ቀርቶ የኀጢአትና የመከራ ትርጉም ተሸክሟል። የአንድን ሱሪ እጥፋት «ጽልመት» ማለት ሰው ለሻይ ሲጠራን በምስጋና መዝሙር እንደ መመለስ ነው። «ጨለማው ክፍል» የሚለውንም አልመርጥም፤ በፊልም ዘመን ፎቶ የሚታጠብበት ቤት «ጨለማ ክፍል» ይባል ስለነበር በዕድሜ የገፉት ባለሙያዎች ሌላ ነገር ይገባቸዋል።

ታዲያ ምን እንበል? እኔ «ጨለም ያለው ቦታ» እና «ፈካ ያለው ቦታ» እላለሁ። ይህን የምለው ቃላቱ ቀላል ስለሆኑ ብቻ አይደለም። አማርኛ የብርሃንን መጠን የሚደረድረው በስም ሳይሆን በግሥ ቅርጽ ነው፤ ብዙ ተርጓሚዎች ስም ፍለጋ መዝገበ ቃላት ሲያገላብጡ ይህን ሀብት አልፈውት ይሄዳሉ። «ጨለም አለ»፣ «ጨለመ»፣ «ጭልም አለ» የሚሉትን ሦስቱን ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው። የመጀመሪያው በጥቂቱ መጨለሙን፣ ሁለተኛው መጨለሙን ብቻ፣ ሦስተኛው ፈጽሞ መጨለሙን ይናገራል። «ጠቆር አለ፣ ጠቆረ፣ ጥቁር አለ» እንዲሁ ነው፤ «ፈዘዝ አለ፣ ፈዘዘ፣ ፍዝዝ አለ» እንዲሁ ነው፤ «ደመቅ አለ፣ ደመቀ፣ ድምቅ አለ»ም እንዲሁ ነው። የሥሩ ተነባቢዎች ሳይቀየሩ አናባቢው ተለውጦ፣ ከ«አለ» ጋር ሲቀናጅ አንዱ ቅርጽ ያለዝባል፣ ሌላው ያጠነክራል። ለዚህ የሚያስፈልግ አዲስ ቃል የለም፤ ማንኛዋም እናት «ሰማዩ ጨለም ብሏል፣ ልብሱን አስገቡ» ስትል የምትጠቀምበት ሰዋስው ነው። ተማሪው «እዚህ ጋ ጨለም ይበል፣ ጭልም ግን እንዳይል» ከተባለ ቁልፉን የት ላይ ማቆም እንዳለበት ይገባዋል።

የሰውን መልክ የምንገልጽባቸው ቃላትም እዚሁ ይገባሉ፤ በእኔ አስተያየትም ለፎቶግራፍ ተማሪ እጅግ ጠቃሚዎቹ እነርሱ ናቸው። አንድን ሰው «ቀይ» ስንል ስለ ቀለም የምንናገር ይመስላል፤ ነገር ግን በጥቁርና ነጭ ፎቶ ውስጥ ያለችን ሴት አይተን ያለ አንዳች ችግር «ቀይ ናት» ወይም «ጠይም ናት» እንላለን። ቀለም በሌለበት ፎቶ ላይ የሚሠራ ቃል የሚናገረው የቀለሙን ዓይነት ሳይሆን የንጣቱንና የጥቁረቱን ልክ ነው ማለት ነው፤ ያም ራሱ «ቶን» ነው። ጥቁር፣ ጠይም፣ ብስል ቀይ፣ የቀይ ዳማ፣ ቀይ የሚለው ድርድር፣ በመካከሉ ባለው ቅደም ተከተል ሰው ሁሉ ባይስማማም፣ ስም የወጣለት የብርሃን መሰላል ነው። ለከብት የምንጠቀምባቸው ግራጫ፣ ዳለቻና አመድማም በሌላው በኩል ያሟሉታል።

ነገሩ በሥራ ላይ ምን ያህል እንደሚጠቅም በሠርግ ፎቶ ይታያል። የካሜራው ብርሃን መለኪያ በመሠረቱ ፊቱ ያለውን ሁሉ 18 በመቶ ያህል ብርሃን እንደሚመልስ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ይገምታል። ጠይም ሙሽራ ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላዋም የፎቶውን ብዙ ክፍል ከያዘው፣ መለኪያው ነጩን ሁሉ ወደ ግራጫ ሊያወርደው ይሞክራል፤ ፊቷም አብሮ ይወርድና ጠይምነቷ ጥቁረት ይሆናል። «ፊቷ ጠቁሯል» ማለት ስሕተቱን ያመለክታል፤ «ጠይሟ ጠፍቷል» ማለት ግን ወዴት መመለስ እንዳለበትም ይናገራል።

አሁን ወደ «ቶን» እንመለስ። «ድምፀት» ከድምፅ የወጣ ስለሆነ ለንግግርና ለሙዚቃ ይሁን፤ ለፎቶ መዋሉ የእንግሊዝኛው ቃል ለሁለቱም ስለሚሠራ ብቻ የመጣ መንሸራተት ነው፣ ቢተው እመርጣለሁ። «ቃና» መጀመሪያ የምላስ ነው፤ የጠላ ቃና እንላለን፣ ከዚያ ወደ ዜማና ወደ አነጋገር ተሻግሯል። ፎቶው በጠቅላላው የሚያሳድረውን ስሜት ለመግለጽ ቢውል አልቃወምም፣ ነገር ግን «አምስት ቃና ያለው ፎቶ» ማለት አይቻልም፤ ቃና የሚቀመስ እንጂ የሚቆጠር አይደለም። ለስሜቱ ከቃና ይልቅ «ድባብ» ይሻላል። ድባብ በመሠረቱ ለታቦት ወይም ለንጉሥ የሚያዘው ያጌጠ ትልቅ ጥላ ነው፤ ከላይ ሆኖ በሥሩ ያለውን ሁሉ ስለሚሸፍን «የበዓል ድባብ»፣ «የሐዘን ድባብ» ወደማለት ተሻገረ። ስለዚህ የፎቶ ድባብ ሲባል ቃሉ ወደ ጥንት ሰፈሩ የተመለሰ ያህል ነው።

ከነጭ እስከ ጥቁር ያለውን ደረጃ በደረጃ መውረድና መውጣት ግን «እርከን» ብለው እንዲያስተምሩ እመክራለሁ። አሜሪካዊው ፎቶግራፍ አንሺ አንሰል አዳምስ ከፍሬድ አርቸር ጋር እ.ኤ.አ. በ1939 እና በ1940 አካባቢ የፎቶን ንጣትና ጥቁረት ከ0 እስከ 10 በ11 ሲከፍሉ፣ 0 ፍጹም ጥቁር፣ 10 ፍጹም ነጭ፣ 5 ደግሞ ያ መካከለኛው ግራጫ ሆነ፤ ከአንዱ ወደ ቀጣዩ መውጣትም ብርሃኑን እጥፍ ማድረግ ነው። እነርሱም ቅጽል ትተው ቁጥር መምረጣቸውን ልብ ይሏል። በአማርኛ «ሙሽራዋ አምስተኛው እርከን ላይ ናት፣ ነጠላዋ ስምንተኛው ላይ» ቢባል ዓረፍተ ነገሩ ጎልቶ የሚሰማ ጉድለት የለበትም። «የድምቀት ደረጃ» የሚለውን አንዳንዶች ይጽፉታል፤ እኔ ግን እሸሸዋለሁ፣ ምክንያቱም ደማቅ ቀይ ስንል ብዙ ጊዜ ጠንካራውንና ጠለቅ ያለውን ቀይ ነው፣ እርሱ ደግሞ በጥቁርና ነጭ ፎቶ ውስጥ ጠቆር ብሎ የሚወጣ ነው። ደማቅ የሚቃረነው ከፈዛዛ ጋር እንጂ ከጥቁር ጋር አይደለም። በሥራ ላይ ሆነው «ቶን» ቢሉም ነውር የለበትም፤ ካሜራም ፊልምም በዚሁ በር ገብተው ቤተኛ ሆነዋል።

ነገሬን ሳልጨርስ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብርሃን የበዛበትን ፎቶ «ተቃጠለ» ማለት ከፊልም ዘመን የቀረ ነው። ብርሃን የገባበት ነጌቲቭ፣ ማለትም ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ ሆኖ የሚታይበት ፊልም፣ ሲታጠብ ከስሎ እንደ ከሰል ይጠቁራልና ቃሉ በነጌቲቩ ላይ በትክክል ይሠራል፤ የሚታተመው ፎቶ ግን ነጭ ሆኖ ነው የሚወጣው። የዛሬ ተማሪ ነጌቲቭ አይቶ ስለማያውቅ ነጭ የሆነው ነገር ለምን ተቃጠለ እንደሚባል ሊጠይቅዎ ይችላል፤ መልሱ ይኸው ነው።

የፊደሉን ጉዳይ በተመለከተ፣ ጽልመት፣ ጽላሎትና ጸዳል በግእዝ የሚጻፉት በጸሎቱ ጸ ነው፤ ፀሐይ ግን በፀሐዩ ፀ ነው። ዛሬ በአማርኛ ሁለቱ ፊደላት በድምፅ ስለማይለዩ ብዙ ሰው እንዳመቸው ይጽፋቸዋል፤ ማስተማሪያ ወረቀት የሚያዘጋጁ ከሆነ ግን የግእዙን ሥርዓት ይጠብቁ፣ አንዱን ቃልም በአንድ ገጽ ላይ በሁለት ዓይነት አይጻፉት።