ሥራ ስትገቡ ልጁ ከማን ጋር ይውላል? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሰላም ለሁላችሁ። የሕጻናት ነርስ ነኝ፤ አዲስ አበባ ውስጥ በሕጻናት ማቆያ ለዓመታት ሠርቻለሁ፤ እናትም ነኝ። ዛሬ ሥራና ልጅ ማሳደግን አብሮ ስለማስኬድ የላካችሁትን ጥያቄ እመልሳለሁ። ልጅ ይታመማል፣ ሞግዚት ለበዓል አገሯ ትሄዳለች፣ ትምህርት ቤት ክረምት ይዘጋል። እንደሚመጣ ለምናውቀው ነገር ቀኑ ሳይደርስ እንዘጋጅ።

ጥያቄ፦ ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ሰባተኛ ወሬ ነው። የምሠራው በግል ድርጅት ነው። ፈቃዴን እንዴት ላብቃቃው?

እንኳን ደስ አለሽ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን ከነደመወዝሽ ታርፊያለሽ። የሚቆጠረው የሥራ ቀን ብቻ ነው፤ ካላንደር ይዘሽ መመለሻሽን አሁኑኑ አስይው። የዓመት ፈቃድ ካለሽ ከወሊድ ፈቃዱ ጋር እንዲያያዝልሽ ዛሬውኑ በጽሑፍ ጠይቂ።

ለአባት አዋጁ የሚሰጠው 3 ተከታታይ ቀን ነው። ባልሽ የዓመት ፈቃዱን በወለድሽ ሰሞን እንዳይጨርሰው። ያኔ እናትሽም እህትሽም ቤት ናቸው፤ ገንፎው አይቋረጥም፣ ጠያቂው ብዙ ነው። ሰው የሚጠፋው አንቺ ሥራ በገባሽበት ሳምንት ነው። እሱ ያን ሳምንት ይያዝልሽ።

ጥያቄ፦ የጡት ወተት አልቤ ትቼ ብሄድ ይበላሽበታል?

በአግባቡ ከተቀመጠ አይበላሽም። ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ ባልበለጠ ክፍል ውስጥ እስከ 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን፣ ፍሪዘር ውስጥ 6 ወር ገደማ ይቆያል። ቢሮሽ ፍሪጅ ከሌለው በረዶ ያለበት የምሳ ቦርሳ እስከ 24 ሰዓት ይይዝልሻል። ዕቃው ላይ ፕላስተር ለጥፊና ያለብሽበትን ቀንና ሰዓት ጻፊበት፤ ቀድሞ የታለበው ቀድሞ ይሰጥ። ሲሞቅ ሙቅ ውኃ ውስጥ በማስቀመጥ ብቻ ነው፤ ማይክሮዌቭ አይሞከርም። ጠጥቶ ያስተረፈው 2 ሰዓት ካለፈው ይደፋ። መብራት ከጠፋ ፍሪጁን አትክፈቱት።

ልምምዱን ሥራ ከመግባትሽ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለሽ ጀምሪ። ሞግዚቷ በስኒ ስታጠጣው አንቺ ከቤት ውጪ። አጠገቡ ካለሽ ጡትሽን እንጂ ስኒውን አይፈልግም።

ጥያቄ፦ በደላላ ያገኘኋት ሞግዚት «ለመስቀል አገሬ ደርሼ ልምጣ» ብላ በዚያው ቀረች። ዳግመኛ እንዳይደርስብኝ ምን ላድርግ?

ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁት ይህንኑ ስለሆነ ሰፋ ላድርገው። መታወቂያና ተያዥ የግድ ነው። ተያዡ ጋ ራስሽ ደውለሽ አነጋግሪው፤ የደላላው ቃል ብቻውን አይበቃም። ግን ተያዥ ስላለ ሠራተኛ አይቆይም። ስትቆይ ያየኋት የእረፍት ቀኗ የታወቀላት፣ ደመወዟ በቀኑ የሚደርሳት፣ ሥራዋም የተለየላት ሞግዚት ናት። ልጅ ያዢ፣ ልብስ እጠቢ፣ እንጀራ ጋግሪ፣ እንግዳ አስተናግጂ ከተባለች ወይ ልጁ ይጎዳል ወይ እሷ ትሄዳለች። የተስማማችሁበትን በወረቀት አስፍሩት።

ስለ በዓል ገና ስትቀጠር ተነጋገሩ። «መስቀልን፣ ገናን ወይስ ፋሲካን ነው ከቤተሰብሽ ጋር የምታሳልፊው?» በያት፤ ሙስሊም ከሆነች የትኛውን ኢድ። ቀኑ ከታወቀ ፈቃድሽን ከሱ ጋር ታገጣጥሚያለሽ። የመመለሻ ትራንስፖርቷንም ቻይላት።

ከሁሉም በላይ ሁለተኛ ሰው ይኑርሽ። ልጁ የሚያውቃት ጎረቤት ወይም ተመላላሽ ሠራተኛ ልትሆን ትችላለች። በወር አንዴ ግማሽ ቀን እየከፈልሽ ልጁን ታውለው። የቸገረሽ ቀን ማለዳ ስትጠሪያት ልጁ እንግዳ አይሆንባትም።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ትምህርት ቤት መዋል ያለባትን ታዳጊ ሞግዚት አታድርጉ። ደመወዟ ስላነሰ ብላችሁ ልጅን ለልጅ አትስጡ። በእሷም በልጃችሁም ላይ ትፈርዳላችሁ።

ጥያቄ፦ የልጅ ልጄን እኔ ነኝ የምይዘው። ጉልበቴ ግን እያስቸገረኝ ነው፤ ለልጄ መንገሩ ከበደኝ።

እናቴ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ይንገሯት። እርስዎ ቁጭ ብለው የሚጠብቁ፣ ሌላ ሰው ደግሞ የሚያነሳና የሚያጥብ ከሆነ ለልጁ ከዚህ የተሻለ የለም።

ጥያቄ፦ ሕጻኑ ሲያተኩሰው ሞግዚቷ ትደውልልኛለች። መቼ ነው ሥራ ጥዬ መሮጥ ያለብኝ?

ዕድሜው ከ3 ወር በታች ሆኖ ሙቀቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም። በማንኛውም ዕድሜ ላለ ሕጻን ደግሞ አራት ምልክቶች አሉ፦ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ወይም ፈዝዞ አልነቃ ካለ። ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ደረቱ ወደ ውስጥ ከገባም አትጠብቂ። ለተቅማጥ ኦአርኤስ ቤት ይኑር፤ አበጣጠሩን ከሞግዚቷ ጋር አንዴ አብራችሁ ሥሩት።

እነዚህን ከስልክ ቁጥሮች ጋር ጽፈሽ ፍሪጁ በር ላይ ለጥፊ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የአዲስ አበባ እሳትና ድንገተኛ 939 ነው። ሞግዚቷ ማንበብ ካልቻለች ስልኳ ላይ ከነፎቷችሁ መዝግቡላትና ስትደውል እዩ።

ጥያቄ፦ ሁለታችንም ሠራተኞች ነን። ልጁ በታመመ ቁጥር «አንቺ ቅሪ፣ አንተ ቅር» እያልን እንጣላለን።

ወንድሜ፣ ጠዋት በር ላይ ቆሞ የሚወሰን ነገር አይደለም። እሑድ ማታ የሳምንቱን ፕሮግራም አብራችሁ እዩ። ሰኞ ስብሰባ ያላት እሷ ከሆነች የሰኞው ተረኛ አንተ ነህ። ሁልጊዜ እናት ብቻ ከቀረች መሥሪያ ቤቷ እሷን መቁጠር ይጀምራል፤ ዕድገቷም እዚያ ላይ ይቀራል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ለከባድና ድንገተኛ ችግር በበጀት ዓመት ሁለት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ እስከ 5 ተከታታይ ቀን ያለ ደመወዝ ፈቃድ ይሰጣል። ለአልጋ ለሚያስተኛ ሕመም አቆዩት።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነው ያለነው፤ ሁለታችንም በሺፍት እንሠራለን። ዴይኬሩ «ልጁ አተኩሶታል፣ ውሰዱት» ሲል የሚሄድ ሰው የለም።

ዴይኬሩ ልጁን የሚሰጠው ስሙ ለተመዘገበና መታወቂያ ለሚያሳይ ሰው ነው። የተለያየ ሺፍት ያላቸው ሁለት ወዳጆቻችሁን ዛሬውኑ አስመዝግቡ። ልጁን አስቀድመው ሄደው አንዴ ቢያወጡት ደግሞ ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ ኬጂ በ9 ሰዓት ይለቃል፤ እኛ ከሥራ የምንወጣው 11 ሰዓት ተኩል ነው። ክረምቱስ?

ከመመዝገባችሁ በፊት ትምህርት ቤቱ ከሰዓት በኋላ ልጆች ያቆይ እንደሆነ ጠይቁ። በሰርቪስ ከሆነ ልጁን በር ላይ የሚቀበለው ሰው ማን እንደሆነ ለረዳቱ በስም ንገሩት፤ ያ ሰው ከሌለ ልጁ ከመኪናው እንዳይወርድ። ለሐምሌና ነሐሴ በሚያዝያ ተነሱ። ከልጁ ክፍል ሁለት ሦስት ወላጆች ፈልጉና አንዲት ሞግዚት በጋራ ቅጠሩ፤ ልጆቹ በየሳምንቱ ቤት እየቀያየሩ ይውላሉ።