ከብቱ ከወጣ በኋላ ሣሩን ማን ይበላዋል?

ልጆቼ፣ በግጦሽና በመኖ ሙያ ለመሰማራት የተነሣችሁ ሁሉ፣

የመኖ ሣር ስንመርጥ የምንፈልገው ምን እንደሆነ እስቲ አስቡት። ቶሎ የሚደርስ፣ ድርቅ የሚችል፣ ተነጭቶ መልሶ የሚያቆጠቁጥ፣ ዘሩ የማያልቅ እንዲሆን እንሻለን። የወራሪ አረም ጠባይ ዘርዝሩ ብትባሉም የምትጠሩት ይህንኑ ነው። ጊኒ ሣር፣ ኪኩዩ፣ ቡፈልና ሞላሰስ ሣር በሐሩር ደሴቶች ላይ የተስፋፉት ከጠባያቸው ወጥተው አይደለም፤ የተመረጡበትን ሥራ ነው የሠሩት። ይህን የምለው ዘሩን ያስገቡትን ለመውቀስ አይደለም። ዋናው ጥፋት የሚመጣው ብዙ ጊዜ ሣሩ ሲዘራ ሳይሆን የሚግጠው ሲጠፋ ነውና ዓይናችሁ እዚያ ላይ ይሁን።

የሃዋይን ነገር እንይ። ደሴቶቹ ከብት ያዩት እ.ኤ.አ. በ1793 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) ካፒቴን ጆርጅ ቫንኩቨር ለንጉሥ ካሜሃሜሃ ሲያመጣ ነው። እርባታው ሲስፋፋ የአፍሪካ ሣሮች ተከትለው ገቡ። ጊኒ ሣር ከ2 ሜትር በላይ ይቆማል። ከብት እየጋጠው ሳለ አጭርና እርጥብ ነው፤ ከብቱ ሲወጣ ግን በአንድ የዝናብ ወቅት ሙሉ ቁመቱን ይይዛል፣ በበጋ ደርቆ በቁሙ ይቀራል። በቁሙ የደረቀ ቀጭን ቅጠል፣ ነፋስ በመካከሉ የሚያልፍበት፣ ከዚያ የተሻለ ማገዶ የለም።

በማዊ ደሴት፣ በላሃይና የነበረው የስኳር ፋብሪካ በ1999 ተዘጋ። የሸንኮራው መሬት ያለ መስኖና ያለ ተንከባካቢ ሲቀር ሣር ወረሰው። ኦገስት 8 ቀን 2023 እሳቱን ያስነሣው የተበጠሰ የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ ያጋለውም ብርቱ ነፋስ ነበር፤ ወደ ቤቶቹ ያሻገረው ግን ደረቁ ሣር ነው። 102 ሰው አለቀ። ከእሳት በኋላ ደግሞ ጊኒ ሣር ከጉቶው ወዲያው ያቆጠቁጣል። እሳት ያልለመደው የአገሩ ዛፍና ችግኝ ግን በአብዛኛው ይሞታል፤ የተራቆተውንም ቦታ ያው ሣር ይይዘዋል። እያንዳንዱ ቃጠሎ ለቀጣዩ ማገዶ ያዘጋጃል ማለት ነው።

በሃዋይ እሳተ ገሞራ ብሔራዊ ፓርክም በ1970ዎቹ ፍየሎቹ ሲወጡ ሣሩ ጠነከረ፣ እሳቱም በዛ። ፍየሎቹን ማስወጣት ስሕተት አልነበረም፤ ደኑን እየጨረሱት ነበር። የጎደለው ከእነሱ በኋላ ሣሩን ምን ይቀንሰዋል የሚለው ጥያቄ ነው።

ወደ ማጥፋቱ ስንመጣ፣ ማጨድ ብቻውን ጊኒ ሣርን አይገድለውም። መጀመሪያ እጨዱት፤ ከዚያ አዲሱ ቅጠል ከ30 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ፣ ሳያብብ፣ ፀረ አረም ርጩበት። ግላይፎሴት የሚባለው ፀረ አረም በ2 በመቶ ከሆነ በ16 ሊትር የጀርባ መርጫ 320 ሚሊ ሊትር ይገባል፤ የማሸጊያው መመሪያ ከዚህ ያነሰ ካለ እሱን ያዙ። ሥራው የሚበላሸው በአብዛኛው በሦስት ነገር ነው። ድፍርስ ውሃ ከተጠቀማችሁ መድኃኒቱ ከጭቃው ጋር ተጣብቆ ይከሽፋል። ሣሩ በድርቅ ጠውልጎ ሳለ ከረጫችሁ ቅጠሉ ብቻ ይጎዳል እንጂ መድኃኒቱ ወደ ሥር አይወርድም። ሦስተኛው፣ እኔ ከሁሉ የምፈራው፣ አንዴ ረጭቶ መሄድ ነው፤ አፈር ውስጥ የቀረው ዘር በቀጣዩ ዝናብ ይበቅላል። በዝናብ ወራት በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ እየተመለሳችሁ፣ ለበርካታ ዓመታት ቡቃያውን ልቀሙ። በጀቱን ስትሠሩ የመጀመሪያውን ርጭት ብቻ አትቁጠሩ።

ኪኩዩ ሌላ መላ ይፈልጋል። በምድር ላይ እየተሳበ ከየአንጓው ሥር ስለሚሰድ፣ በትራክተር ብታርሱት አንዱን ተክል መቶ ታደርጉታላችሁ። ትንሽ ቦታ ከሆነ ከሥሩ ቆፍራችሁ አውጡት፤ ቁርጥራጩን ባዶ መሬት ላይ ሳይሆን ሸራ ላይ አድርቁት።

የሞተው ሣር ቦታ ላይ የሚተካው ነገር ከርጭቱ ይበልጣል። በዚያው በሃዋይ፣ በማውና ኬያ ተራራ ተዳፋት፣ በ1985 በተቋቋመው የሃካላው የደን መጠለያ፣ በቀድሞው ግጦሽ ላይ ኮዋ የሚባለው የአገሩ ዛፍ ተተክሏል። ዛፉ ጥላ ጥሎ ሣሩን ያጠፋዋል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። ኮዋ ግን ቅጠሉ ሳሳ ያለ ነው፤ ብርሃን ያሳልፋል። በዚያ ላይ የጥራጥሬ ዘመድ ስለሆነ ናይትሮጅን ለአፈሩ ይሰጣል፤ ናይትሮጅን ደግሞ ሣሩ የሚወደው ነው። ዛፎቹ ካደጉ በኋላም ሣሩ ከሥራቸው አልጠፋም፤ የሌሎቹ አገር በቀል ዕፅዋት ዘርም በሣሩ ምንጣፍ ታፍኖ አፈር ሳይነካ ይቀራል። ስለዚህ ዛፍ ብቻ አትትከሉ፤ በዛፉ ዙሪያ ሣሩን ገድላችሁ ጥቅጥቅ ያለ ጥላ የሚጥሉ ቁጥቋጦዎችን አብራችሁ ትከሉ።

መሬቱን በሙሉ እንዲህ ማድረግ አይቻልም፤ ገንዘቡም አይበቃም። ለቀረው ክፍል ከብትን እንደ ማጨጃ ተጠቀሙበት፤ አጥር በተደረገለት፣ ከደኑ በራቀ ቦታ፣ በመንገድና በቤቶች ዳር። 3 ሜትር በሚደርስ ሣር መካከል የተጠረገ የ2 ሜትር መንገድ እሳት አያቆምም፤ ከዳርና ዳሩ ያለውም ሣር ተግጦ ማጠር አለበት። ይህን በዝናቡ መጨረሻ ጀምሩት። በጋው ከገባ በኋላ ደረቁን አገዳ ከብቱም ይጸየፈዋል፤ በማሽን ልጨደው ብትሉም የማጨጃው ብረት ድንጋይ ሲመታ በሚፈናጠቀው ብልጭታ ራሳችሁ እሳቱን ልታስነሡት ትችላላችሁ።