ለአባትህ ፕሮቶን? እኔ ወስጄዋለሁ፣ ግን ቤቱን አትሽጡ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አባትህ አዲስ አበባ ናቸው፣ 67 ዓመታቸው ነው። የፕሮስቴት ካንሰር ተብለዋል። ባዮፕሲው (የተወሰደው ናሙና) ግሊሰን 3+4፣ ማለትም በካንሰሩ ክፋት መለኪያ መካከለኛ፤ ፒኤስኤ (ደም ውስጥ የሚለካው የፕሮስቴት ምልክት) 11፤ ወደ አጥንት አልሄደም። አንድ ሰው "ፕሮቶን የሚባለው ጨረር ጎን አይነካም" ብሎሃል። ሕንድ፣ ቼናይ ልትወስዷቸው ገንዘብ እያሰባሰባችሁ ነው፤ ካልበቃ ቤቱን ልትሸጡ ነው። "የሞከረው ሰው ካለ ይንገረኝ" አልክ።

እኔ ሞክሬዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2021፣ እዚሁ ሜሪላንድ፣ 28 ቀን። ሐኪም አይደለሁም፣ ታክሲ ነጂ ነኝ። በታክሲ ቋንቋ ላስረዳህ።

ተራው የጨረር ሕክምና ኤክስሬይ ነው። በአንድ በኩል ገብቶ፣ ዕጢውን መትቶ፣ በሌላው በኩል ይወጣል። መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ እየነካ ነው የሚሄደው። ፕሮቶን ግን እንደ ሚኒባስ ተሳፋሪ ነው፤ ሰፈሩ ሲደርስ "ወራጅ አለ!" ይላል። አብዛኛውን ጉልበቱን እዚያው አራግፎ ይቆማል። ሐሳቡን ያመጣው ሮበርት ዊልሰን የሚባል ፊዚሲስት ነው፣ በ1946። ለሆስፒታል ፕሮቶን ሕክምና ተብሎ የተሠራው የመጀመሪያው ማሽን ካሊፎርኒያ ሎማ ሊንዳ በ1990 ሥራ ጀመረ። አንጎሉ ላይ ዕጢ ላለበት ሕፃን ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ አልከራከርም።

ፕሮስቴት ግን ሌላ ሰፈር ነው። ከላይ የሽንት ፊኛ አለ፣ ከኋላ ታችኛው አንጀት ተለጥፎበታል። ወራጁ የሚወርድበት ፌርማታ አንጀቱ በር ላይ ነው ማለት ነው። ደግሞ ፕሮስቴት አንድ ቦታ አይቀመጥም፤ ፊኛው ሲሞላ፣ አንጀት ውስጥ አየር ሲገባ ይንቀሳቀሳል። ስለዚህ ዙሪያውን ትንሽ አስፍተው ነው የሚመቱት። "ጎን አይነካም" ያለህ ሰው ይህን አልነገረህም።

የኔን ልንገርህ። መጀመሪያ ኢንሹራንሱ "ተራው ጨረር ይበቃዎታል" ብሎ ከለከለኝ። ተናደድኩ፣ ይግባኝ አልኩ፣ ስድስት ሳምንት ተሟገትኩ፣ አሸነፍኩ። ያኔ የዘር መድልዎ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ሰዎቹ ያን ያህል አልተሳሳቱም።

ከዚያ ሦስት የወርቅ ፍሬ ፕሮስቴቴ ውስጥ ከተቱ፤ የሩዝ ፍሬ ያህላሉ። ማሽኑ በየቀኑ ዒላማውን የሚያገኘው በነሱ ነው። (ባለቤቴ "በመጨረሻ ወርቅ ገዛህ" አለች።) በፕሮስቴቱና በአንጀቱ መሃል ደግሞ ጄል ያስገባሉ፣ ትንሽ እንዲለያያቸው። በወራት ውስጥ ራሱ ይሟሟል።

ጨረሩ ራሱ ምንም አያምም። ጠረጴዛው ላይ ግማሽ ሰዓት ትተኛለህ፤ ጨረሩ የሚለቀቀው ግን ለደቂቃ ምናምን ነው። ፈተናው ሽንት ነው። ፊኛህ ሞልቶ መምጣት አለብህ። እኔ መኪና ውስጥ ውኃዬን ጠጥቼ እደርሳለሁ፣ ከዚያ "ማሽኑ ቆሟል፣ ትንሽ ይጠብቁ" ይሉኛል። አንዱ ማሽን ብዙ ክፍሎችን በተራ ነው የሚያገለግለው፤ አንዱ ከዘገየ ሁሉም ይዘገያል። ሁለት ቀን አልቻልኩም፣ ሮጥኩ። እንደገና ጠጣ፣ እንደገና ጠብቅ።

ሌላው ደግሞ አንጀት ባዶ፣ አየርም የሌለበት መሆን አለበት። ባቄላ፣ ምስር፣ ጎመን አትብላ አሉኝ። ጊዜው ዐቢይ ጾም! ሽሮና ምስር ሲቀነስ ምን ይቀራል? ሁለተኛው ሳምንት ላይ ስካን አድርገው "ጋዝ አለብህ" ብለው ከጠረጴዛው አወረዱኝ። የንስሐ አባቴ ጋ ደወልኩ፤ "ልጄ፣ የታመመ ሰው ነህ፣ የታዘዝከውን ብላ" አሉኝ። አባትህ ጿሚ ከሆኑ ከወዲሁ አነጋግሯቸው፤ ፕሮቶንም ሆነ ተራው ጨረር ይህ አይቀርም።

ጉዳቱ? ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ሌሊት አራት አምስቴ ለሽንት መነሳት። ታምሱሎሲን የሚባል የሽንት መንገድ የሚያላላ መድኃኒት ሰጡኝ፣ ረዳኝ። ድካም ነበር፣ ግን ሥራ አላቆምኩም። ዓመት ገደማ ሲሆነኝ ሰገራዬ ላይ ደም አየሁ። ደነገጥኩ። ሲመረመር የጨረሩ ውጤት ነው፣ ቀስ ብሎ ቆመ። የወንድነቱም ነገር እንደ ድሮው አይደለም፤ ኪኒን ያግዛል። ሐበሻ ይህን አያወራም እንጂ አባትህም ሳይጠይቁህ ያስቡታል፤ ሐኪሙን አንተ ጠይቅላቸው።

ዛሬ ፒኤስኤዬ 0.3 ነው። በነገራችን ላይ ከጨረር በኋላ እንደ ኦፕራሲዮኑ ወዲያው ዜሮ አይገባም። ቀስ እያለ ነው የሚወርደው፣ መሃል ላይም ከፍ ሊል ይችላል። የኔ በ18ኛው ወር ከ0.9 ወደ 1.4 ወጥቶ እንቅልፍ ነሳኝ፤ ከዚያ ራሱ ወረደ።

ታዲያ ፕሮቶን ስለሆነ ነው የዳንኩት? አይመስለኝም። አሜሪካ ውስጥ 450 ወንዶችን በዕጣ ለሁለት ከፍለው፣ ግማሹን በፕሮቶን ግማሹን በተራው ዘመናዊ ጨረር አከሙ። ውጤቱ በ2024 ቀረበ፦ የአንጀት ችግሩም፣ ካንሰሩን መቆጣጠሩም በሁለቱም ያው ነው። ከኔ ጋር የሚሠራ ጓደኛዬ በተራው ጨረር ነው የታከመው። የሱም የኔም ታሪክ መንታ ነው፤ እሱ ግን ከኢንሹራንስ ጋር አልተጣላም።

ስለዚህ ቤቱን አትሽጡ። ቼናይ ከ2019 ጀምሮ ፕሮቶን አለ፣ እውነት ነው። ግን እዚያው ከተማ ተራው ዘመናዊ ጨረርም አለ፣ ዋጋውም በጣም ይለያል። እኔ ብሆን የምጠይቀው ስለ ፕሮቶን ሳይሆን "በአምስት ቀን የሚሰጠውን ታደርጋላችሁ ወይ?" ብዬ ነው። ስቴሪዮታክቲክ ይሉታል፤ በየቀኑ ከፍ ያለ መጠን በትክክል ዒላማው ላይ የሚሰጥ ጨረር ነው። ፔስ ቢ በሚባለው ጥናት ከ800 በላይ ወንዶችን አይተው፣ አምስቱ ከረጅሙ ጋር እኩል ሠራ። የተመረጡትም እንደ አባትህ ያሉ ናቸው፣ ግሊሰን እስከ 3+4፣ ፒኤስኤ እስከ 20። አምስቱ ሁለት ሳምንት ውስጥ ያልቃል። የኔው 28ቱ ቢሆን ስድስት ሳምንት ሆቴል፣ ምግብ፣ አስታማሚ።

አዲስ አበባም አማራጭ የለም አትበል። ጥቁር አንበሳ ለብዙ ዓመት በድሮው የጨረር ማሽን፣ በኮባልት፣ ብቻ ቢሠራም አሁን ዘመናዊው ማሽን፣ ሊኒያር አክስለሬተር፣ አለው። ወረፋው ይታወቃል። ግን የአባትህ ዓይነቱ አብዛኛውን ጊዜ ነገ ካልታከመ የሚባል አይደለም፤ ምን ያህል መጠበቅ እንደሚችሉ የካንሰር ሐኪሙን በግልጽ ጠይቁት።

የትም ብትሄዱ የባዮፕሲውን ወረቀት ብቻ ሳይሆን ናሙናው ያለበትን መስታወት፣ ስላይዱን፣ ይዛችሁ ሂዱ። የኔን ሁለተኛ ሐኪም ሲያየው መጀመሪያ 3+3 (ቀለል ያለው) የተባለው 3+4 ሆነ። ውሳኔውን ሁሉ የቀየረው ፕሮቶኑ ሳይሆን ያ ነው።

አንተስ ስንት ዓመትህ ነው? አባቱ የታመመበት ልጅ የመያዝ ዕድሉ ሁለት እጥፍ ገደማ ነው። 40 ካለፍክ ለራስህም ፒኤስኤ አስለካ፣ ወንድሞችህንም ንገራቸው።