የጥንቷን ቦሄሚያ ታሪክ ማን ጻፈው? ጥያቄና መልስ

ስለ ቼክ ምድር (ምዕራቡ ቦሄሚያ፣ ምሥራቁ ሞራቪያ ነው) የመካከለኛው ዘመን ጅማሬ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጋሼ፣ የስላቮች ንጉሥ ሳሞ ነጋዴ ነበር ይባላል። እውነት ነው?

ይህን የሚነግረን የፍሬዴጋር ዜና መዋዕል ብቻ ነው። እሱም በ7ኛው ክፍለ ዘመን በፍራንኮች አገር የተጻፈ ነው። ሳሞ ሊነግድ ሄደ፣ ከስላቮቹ ጋር ሆኖ ይገዟቸው የነበሩትን ፈረሰኞቹን አቫሮች ወጋ፣ አነገሡት። 35 ዓመት ገዛ፤ 12 ሚስቶች፣ 22 ወንዶችና 15 ሴቶች ልጆች ነበሩት ይላል። በ631 ገደማ የፍራንኮቹን ንጉሥ የዳጎበርትን ጦር ቮጋስቲስቡርግ ላይ አሸነፈ። ቦታው የት እንደሆነ ዛሬም ያጨቃጭቃል። ከሳሞ ሞት በኋላ ምንጮቹ ከመቶ ዓመት በላይ ጭጭ ይላሉ።

ታላቋ ሞራቪያስ? የተጋነነች አይደለችም?

በ9ኛው ክፍለ ዘመን የነበረች የስላቮች መንግሥት ናት፤ መኖሯ አያጠራጥርም። ችግሩ ብዙውን የጻፉት ጠላቶቿ መሆናቸው ነው። የፉልዳ ዓመታዊ መዝገብ የምሥራቅ ፍራንኮች ወገን ስለሆነ፣ ገዥዎቿን ራስቲስላቭንና ስቫቶፕሉክን እንደ ከዳተኛ ነው የሚያያቸው። በሌላ በኩል የቆስጠንጢኖስና የሜቶዲዮስ ገድሎች አሉ። ራስቲስላቭ ከቁስጥንጥንያ መምህራን ለመነ፤ ወንድማማቾቹ ለስላቮች ፊደል ቀረጹ፤ በ863 ገደማ መጡ ይላሉ። ገድል ስለሆነ ያሞግሳል። እኔ ይበልጥ የማምነው መሬቱን ነው። ሞራቪያ ውስጥ ባለችው ሚኩልቺትሴ ከ1954 ጀምሮ ሲቆፈር የበርካታ አብያተ ክርስቲያናት መሠረት፣ ሰይፍና የወርቅ ጌጥ ወጥቷል።

የቦሄሚያውን መስፍን ቅዱስ ቫትስላቭን ወንድሙ የገደለው በ929 ነው ወይስ በ935?

ጎበዝ ጥያቄ! ቀኑ ላይ ጸብ የለም፤ ሴፕቴምበር 28 ነው። ጥንታዊው የስላቮንኛ ገድል እንደሚለው፣ ቦሌስላቭ ወንድሙን ለቅዱሳን ቆዝሞስና ድምያኖስ በዓል ጋበዘው። በዓሉ እሑድ ዋለ፤ በማግስቱ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ተገደለ። እንግዲህ ሴፕቴምበር 27 እሑድ የዋለበትን ዓመት እንፈልግ። ጉድ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ በ929ም በ935ም እሑድ ነው የዋለው! የሚለየን የሳክሶኑ መነኩሴ ቪዱኪንድ ነው። ግድያውን የሚያነሳው የጀርመኑ ንጉሥ ኦቶ በ936 ከነገሠበት ወሬ ጋር አያይዞ ነው። ስለዚህ ዛሬ ብዙዎቹ ወደ 935 ያጋድላሉ፤ እኔም እንደዚያው።

ሊቡሼና ገበሬው ፕሼሚስል በእውነት ነበሩ?

የቦሄሚያ መሳፍንት ዘር መሥራቾች የሚባሉት ባልና ሚስት ናቸው፤ በእውነት ግን የነበሩ አይመስለኝም። ታሪካቸውን በሰፊው የጻፈው የፕራግ ካቴድራል አለቃ ኮስማስ ነው፤ የሞተው በ1125 ነው። ከሽማግሌዎች አፍ የሰማሁት ነው ብሎ በሐቀኝነት ይናገራል። ዓመት መቁጠር የሚጀምረውም በ894፣ ከመስፍኑ ቦርዢቮይ ጥምቀት ነው። ግን የፉልዳው መዝገብ 14 የቦሄሚያ መሳፍንት በ845 ተጠመቁ ይላል። ኮስማስ ስለነሱ አንድ ቃል አይተነፍስም። (በነገራችን ላይ ባለትዳር ነበር፤ የሚስቱን ሞት መጽሐፉ ውስጥ አስገብቶታል። ይሄን ስወድለት!)

ስለ ፕራግ በአረብኛ የጻፈ ሰው አለ?

አዎ፣ የአንዳሉሱ አይሁዳዊ ኢብራሂም ኢብን ያዕቁብ፣ በ965 ገደማ። ከተማዋ ከድንጋይና ከኖራ የተሠራች፣ በንግድ የበለጸገች ናት ይላል። ባሪያ፣ ቆርቆሮና ጸጉራም ቆዳ ይሸጥባታል። ጽሑፉ ራሱ ጠፍቷል፤ ያተረፈልን የአንዳሉሱ ጂኦግራፈር አል-በክሪ ጠቅሶት ነው። ቅድስና የማይሰብክ የነጋዴ ዓይን ስለሆነ ከሁሉም እሱን አስቀድማለሁ።

ከኮስማስ በፊት በቼክኛ የተጻፈ የጀግና ግጥም አለ ሲባል ሰምቻለሁ።

ተሸውደሃል ወንድሜ፤ ግን ብቻህን አይደለህም። በ1817 እና በ1818 ብቅ ያሉት፣ እንዲህ ያለ ግጥም የያዙ ሁለት «ጥንታዊ» ብራናዎች አገሩን ሁሉ አስፈንድቀው ነበር። በ1886 የቋንቋ ሊቁ ጌባወርና ፕሮፌሰር ማሳሪክ የውሸት ናቸው ብለው ተነሱ። ማሳሪክን ከሃዲ ብለው ሰደቡት። በ1918 የቼኮስሎቫኪያ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የሆነው እሱው ነው።