ለገና ማዕድ ማጋራት ልሂድ ወይስ ልቅር?

ጥያቄ፦ «አካውንቲንግ ተመርቄ አንድ የግል ድርጅት ከተቀጠርኩ ወር አልሞላኝም። ከገና በፊት ባለው እሑድ ሠራተኛው መቄዶንያ ሄዶ ማዕድ ያጋራል። የሰው ኃይል ክፍል ፈቃደኞች ተመዝገቡ ብሏል። ብቀር በሙከራ ጊዜዬ ይያዝብኛል? ብሄድስ ለሙያዬ ይጠቅመኛል ወይስ ፎቶ ለመነሳት ብቻ ነው?»

ውድ እህቴ፣ መጀመሪያ ፍርሃትሽን እናቅልለው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። የሚመዘነውም ለተቀጠርሽበት ሥራ ብቁ መሆንሽ ነው። በሳምንት የዕረፍት ቀን ታዘው ለሚሠሩት የትርፍ ሰዓት ሥራ ክፍያው የመደበኛው ሁለት እጥፍ ነው። በፈቃድ ለሚደረግ ግን ክፍያ የለም። ስለዚህ «ፈቃደኞች ተመዝገቡ» ካሉ በኋላ ያልሄደውን መቅጣት ተገቢ አይደለም። የቤተሰብ ጉዳይ ካለብሽ ለቅርብ ኃላፊሽ ቀደም ብለሽ ንገሪና በሰላም ቅሪ።

ከቻልሽ ግን ሂጂ። ስትሄጂ ደግሞ ሥራ ይዘሽ ሂጂ። ብዙ ወጣቶች ቲሸርት ለብሰው፣ ሁለት ሰሃን አቅርበው ይመለሳሉ። ያ ላንቺም ለተመጋቢውም ብዙ አይጠቅምም።

መቄዶንያ ከጎዳና የተነሱ አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን የሚኖሩበት ማዕከል ነው። ስለዚህ ምን ይዘን እንሂድ ከማለት በፊት ለማዕከሉ ደውሎ መጠየቅ ይቀድማል። ስንት ሰው አልጋ ላይ ነው የሚበላው? ጠንካራ ምግብ ማኘክ የማይችለውስ? የስኳር ሕመም ያለበትስ? አንድ ነገር ልጨምር፤ ከገና በፊት ያለው እሑድ ጾመ ነቢያት ሳያበቃ ነው። ሥጋ ወጥ ተሸክማችሁ ብትሄዱ ጿሚው አዛውንት ምን ይብሉ? ሙስሊሞችም እዚያው ማዕድ ላይ አሉ። ለእሑዱ ምስር፣ ሽሮና አትክልት ይዛችሁ፣ ለበዓሉ የታሰበውን ገንዘብ ማዕከሉ ራሱ እንዲያርድበት ብትሰጡ ይሻላል። ይህን በዝግጅቱ ስብሰባ ላይ ቀድማ ያነሳች አዲስ ሠራተኛ አትረሳም።

አሁን ወደ ሙያሽ እንምጣ። ማዕድ ማጋራት ከውጭ ሲያዩት እንጀራና ወጥ ነው፤ ከውስጥ ግን ሒሳብ ነው። ሠራተኛው ያዋጣል፣ ድርጅቱ ይጨምራል፣ አንዱ ገበያ ወርዶ ሽንኩርትና ዘይት ይገዛል። ደረሰኙ ግማሹ ይጠፋል፣ ግማሹ መጀመሪያም አልተቆረጠም። በኋላ ኦዲተር ሲጠይቅ ሁሉም አንገቱን ይደፋል። የሰው ኃይል ክፍሉን «መዋጮውንና የግዢውን ሒሳብ ማን ይይዛል?» ብለሽ ጠይቂ። ባለቤት ከሌለው «እኔ ልያዘው» በይ። ማን ስንት እንዳዋጣ መዝግቢ፣ ለአንድ ሰው የሚደርሰውን ወጪ አስይ፣ ዕቃው ሲደርስ በማዕከሉ የተፈረመ የርክክብ ወረቀት፣ ለገንዘቡም ሕጋዊ ደረሰኝ ተቀበይ። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ሲወጣ ለበጎ አድራጎት ድርጅት የተሰጠ ስጦታ እስከ ግብር የሚከፈልበት ገቢ 10 በመቶ ድረስ በወጪ እንዲያዝ ፈቅዷል። አዋጁ በ2017 ስለተሻሻለ ማሻሻያውን ጨምረሽ አንብቢ። እንዲህ ያለውን ነገር በተግባር መንካት ለጀማሪ አካውንታንት ትልቅ ዕድል ነው።

ሌላም አለ። ቢሮ ውስጥ ከፋይናንስ ክፍል ሳትወጪ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። እዚያ ግን ከሾፌሩ፣ ከሽያጭ ክፍሉ፣ ከመጋዘን ኃላፊው ጋር ሰሃን ታጥቢያለሽ። ነገ የመጋዘን ቆጠራ ሲመጣ ስልክሽን የሚያነሱልሽ እነሱ ናቸው። እባክሽ ምግቡ ቀርቦ እንዳለቀ ወደ መኪና አትሩጪ፤ እስከ ዕጥበቱ ቆዪ።

ስለ ፎቶው ያነሳሽው ስጋት ትክክል ነው፤ እኔንም ያሳስበኛል። እያጎረሱ ፎቶ መነሳት የተለመደ ሆኗል። ግን ጎራሿ እናት የአንድ ሰው እናት ናት። የአእምሮ ሕመምተኛው ምስሉ በድርጅታችሁ ገጽ እንደሚለጠፍ ተረድቶ መፍቀድ ላይችል ይችላል። እናንተን፣ ድስቱን፣ የተራገፈውን ጆንያ አንሱ፤ ተመጋቢዎቹን ተዉአቸው። አዲስ ነኝ ብለሽ አትፍሪ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ለአስተባባሪው በእርጋታ ንገሪው።

ሲቪሽ ላይ «በበጎ ፈቃድ ሥራ ተሳትፌአለሁ» ብለሽ አትጻፊ። ያ ለቀጣሪ ምንም አይነግረውም። ይልቅ እንዲህ ጻፊ፦ «የሠራተኛ መዋጮ መዝግቤ፣ የምግብ ግዢ በጀት አዘጋጅቼ፣ ወጪውን ከደረሰኝ ጋር አስታርቄ ሪፖርት አቅርቤአለሁ።» የሰዉን ብዛትና የብሩን መጠን በትክክል ጨምሪበት። ቃለ መጠይቅ ላይ ከዚህ ተነስተው ሲጠይቁሽ ሪፖርቱ በእጅሽ ስላለ አትደናገጪም፤ ስለዚህ ቅጂውን ለራስሽ ለማስቀረት ኃላፊሽን አስፈቅጂ።